ቁም ያለኝ አረንጓዴ

ሠላሳ ሦስት ዓመት፣ ከኦሎሞውትስ ጣቢያ፣
እጄ ነበር ሹሙ፣ የባቡር ማለፊያ።
ቀይ ሳበራ ይቆማል፤
አረንጓዴ ሳበራ ያልፋል።
ከዚህ የጠለቀ ፍልስፍና አልነበረኝም፤
ጡረታ ወጣሁ፤ መብራት ግን አልለቀቀኝም።

በኅዳር እዚህ አገር፣ ገና በአሥር ሰዓት፣ ቀኑ ይከደናል፤
ሰው ከግድግዳው ጋር ብቻውን ይቀራል።
የመስታወት ገንዳ ገዛሁ፣ ስልሳ ሊትር የሚይዝ፣
አሸዋና ድንጋይ፣ ጥቂት ዓሣ፣ ቤት ውስጥ የሚኖር ወንዝ።

ቨንደሊን ይባላል የሱቁ ባለቤት፣
ጣቱ ክረምት ከበጋ እርጥብ ነው፣ እንደ እንቁራሪት።
«ምን ልታበቅል ነው?» አለኝ።
«ቀይ» አልኩት፣ «ያቺን ሮታላ የምትሏትን፣
እንደ ምሽት ሰማይ ከላይ የምትቀላውን።»
ዝም ብሎ አየኝ።

«እሷ ብርቱ ብርሃን፣ ጋዝ በቱቦ፣ ምግብ በጠብታ፣
አንዱ ቢጎድልባት ታኮርፋለች በማግስቱ ማታ።
አኑቢያስ ውሰድ ይልቅ፤ ድንጋይ ላይ በክር እሰራት፣
ወፍራም ግንዷን ግን አሸዋ ውስጥ እንዳትቀብራት።
በደብዛዛ ትኖራለች፣ አትቸኩልም፤
በወር አንድ ቅጠል፣ ከዚያ በላይ አትሰጥም።
ክሪፕቶኮሪንም ጨምር፤ መብራትህም ልከኛ ይሁን።»

የዕፅዋቱን ሰማሁት። የመብራቱን አልሰማሁትም፤
የምልክት ሰው ነኝ፣ የፈዘዘ መብራት አልወድም።
ትልቁን ገዛሁ። ነጭ፣ እንደ ፈጣን ባቡር ግንባር ዓይን የሚያጠፋ፤
ከማለዳ እስከ እኩለ ሌሊት፣ ደቂቃ እንኳ እንዳያንቀላፋ።

በሦስተኛው ሳምንት አልጌው መጣ።
መስታወቱ ፀጉር፣ ቅጠሉ ፀጉር፣ ድንጋዩ ጢም አወጣ፤
ዕድሜዬን ሙሉ «እለፍ» ያልኩበት ቀለም
«ቁም» እያለኝ መጣ።

ማጣሪያው ደግሞ አለ። በአየር የሚሠራ፣ ስፖንጅ፣
ጥጉን ይዞ የሚያንኮራፋ፣
እንደ ጽቲቦር፣ የሌሊት ተረኛው ጓዴ፣ ምድጃ አጠገብ ሲደፋ።
ቆሸሸብኝ። ከቧንቧ ሥር ወስጄ
ጨምቄ አጠብኩት፣ አነጣሁት በእጄ።
ሁለት ዓሣ ሞተ።

ቨንደሊን በስልክ ሳቀ፤ ከዚያ ዝም አለ፤
«ያ ቡናማ ጭቃ ቆሻሻ መሰለህ? ሠራተኛህ ነበር» አለ፣
«የዓሣውን መርዝ ለቅጠል ምግብ የሚያደርገው።
በቧንቧው ክሎሪን ፈጀኸው።
ከገንዳው በቀዳኸው ውሃ ብቻ ነው የሚታጠበው፣
እሱንም ለስለስ አርገህ፣
ከነእድፉ እንዲኖር ትተህ።»

እንዳልኩት ሁሉ አልሆነም ዘንድሮ፣
ክሪፕቶኮሪኑም ቀለጠ፣ ጎመን መስሎ፣ ተቀቅሎ፤
ቅጠል በቅጠል ሟሟ።
እጅጌዬን ሰብስቤ ልነቅለው እጄን ሰደድኩ፤
ሳብ ባደርገው እምቢ አለኝ፤
በክረምት በረዶ እንደያዘው የሐዲድ ማንሻ፣ ከሥር ያዘኝ።
እምቢ ያለን ማንሻ በጉልበት መሳብ
ባቡር ይገለብጣል። ይህን አውቃለሁ።
ተውኩት።

የድሮ የባቡር ሰዓት ሰሌዳ፣ አራት ጥራዝ፣ አቧራውን አራግፌ፣
ከመብራቱ እግር ሥር አነጠፍኩ፣ ከውሃው ፊት ገለል አርጌ፤
ቆጣሪም ገጠምኩለት፣
ከቀኑ ሰባት እስከ ምሽቱ ሁለት።
ከዚያ መቀመጥ ነው። ጢሙ ሳሳ።
አንድ ቀንድ አውጣ መጣ፣ ከየት እንደመጣ አልታወቀም፤
አልጠራሁትም፤ አላባረርኩትም።

ትናንት፣ ለሁለት ሁለት ደቂቃ ሲቀረው፣ የፕርዤሮቭ ባቡር አለፈ፤
ቤቱ ተንቀጠቀጠ፣ ውሃውም ተርገፈገፈ፤
ያኔ አየሁት፦ ራቁቱን ከቀረው አሸዋ፣
እንደ ትኬት የተጠቀለለ፣ ጥፍር የማያክል፣
ቅጠል።
አረንጓዴ አይደለም።
ቡናማ ልበለው? ዳማ?
መነጽሬን ጠርጌ ተጠጋሁ።

ቀይ ነው።

ቆጣሪው ቀጭ አለ። ጨለመ።
ቀይ አይደል? ቆምኩ።