ገበያው ዐረፈ

ከዊልትሸር መስክ ሥር፣ መቶ ደረጃ ወርዶ፣
ድንጋይ ሲፈለጥበት ከኖረ ዋሻ ማዶ፣
ፔንጌሊ ይሠራል፣ እርሳሱን ከጆሮው ሰክቶ፤
ሠላሳ አንድ ዓመት፣ የሰው ወይን ሲተኛ እሱ ነቅቶ።
በጋ ቢል፣ ክረምት ቢል፣ አሥራ ሦስት ነው ሙቀቱ፤
የሚለወጥ ቢኖር የሣጥኑ ነው ወረቀቱ።

አርባ ሰባተኛው መደርደሪያ ላይ፣ ከግራ ሦስተኛ፣
አሥራ ሁለት ጠርሙስ አለ፣ በጎኑ የተኛ።
ሻቶ ቬርዴሎን ይላል፣ እንጨቱ ላይ በእሳት ተጽፎ፤
የባለቤቱ ስም ግን ብዙ ነው፣ አንዱ ባንዱ ላይ ተለጥፎ።

መጀመሪያ የኖሪች ጥርስ ሐኪም ገዛው፣ በአራት መቶ ፓውንድ ብቻ፤
«ልጄ ስትዳር» ብሎ፣ ለልጅነቷ መሰነባበቻ።
ተዳረች፤ ሻምፓኝ ተጠጣ። ይኼኛው ሁለት ሺህ ገብቶ ነበር፤
ሁለት ሺህ ፓውንድ ማን ይጠጣል? ስንት ጥርስ ነው የሚሰረሰር!
ከሐኪሙ የፔናንጉ ሊም ወሰደው፣ የሸሚዝ ቁልፍ ነጋዴ፤
በሌሊት፣ በስልክ፣ «ጨምር» እያለ፦ ስድስት ሺህ፣ አንዴ…
ከሊም ወደ ባንክ፣ ከባንክ ወደ አንድ ፊት የለሽ ማኅበር፣
ለንደን፣ ሲንጋፖር፣ ጄኔቭ፤ ጠርሙሱ ሳይነቃነቅ፣ ሳይሻገር።
ፔንጌሊ ብቻ ነው ወረቀት የሚልጥ፣ ወረቀት የሚለጥፍ፤
ወይኑ ዓለምን ዞረ አሉ፣ ከመደርደሪያው ክንድ ሳያልፍ።

ዘጠኝ ሺህ። አሥራ አራት። በወረርሽኙ ዓመት ሃያ አንድ።
ሰው ቤቱ ተዘግቶ ወይን ገዛ፣ ሊጠጣ አይደለም፣ እንዲወልድ።
ግራፉን ላየው ዳገት የያዘች በቅሎ ይመስላል፤
ጠርሙሱ ውስጥ ግን በየዓመቱ፣ በፀጉር ልክ፣ ወይኑ ይጎድላል።
ቡሹ ቀስ ብሎ ይተነፍሳል፣ እንቅልፍ እንደያዘው ሽማግሌ፤
ሀብት እንዲህም ይሟሟል፣ ካፊያ እንዳገኘው አሞሌ።

ከዚያ አንድ ኅዳር፣ ለንደን፤ አዳራሹ ግማሽ ባዶ፤
አጫራቹ ዓይኑን አንከራተተ፣ መዶሻው እጁ ላይ ከብዶ።
«ሃያ?» ዝም። «አሥራ ስምንት?» አንዱ ሳለ፣ ወዲያው ዋጠ ሳሉን፣
ዋጋ የጨመረ እንዳይመስል። ሌላው ያስር ጀመር የጫማ ክሩን።
በማግስቱ ተንታኞች ጻፉ፦ «ገበያው ጥቂት ዐረፈ»።
ዐረፈ! በእኔ ቋንቋ ይህ መርዶ ነው፤ የቀብሩ ሰዓት ግን አልተለፈፈ።

ማክሰኞ፣ ዝናብ። አንዲት ሴት መቶውን ደረጃ ወረደች፣
ሊም ሲው ጌክ፣ የነጋዴው ልጅ፤ ጃንጥላዋን አጥፋ ቆመች።
ሣጥኑን በዘጠኝ ሺህ ገዝታዋለች፣ ማንም ሳይቀናቀናት፤
«አባቴ ሳይቀምሰው ሸጠው፤ ዛሬ እኔ ልቅመስለት።
ቡሽ መክፈቻ ይኖርዎታል?»

ፔንጌሊ ኪሱን ዳበሰ። መሳቢያ ከፈተ። ሌላ መሳቢያ።
ሁለት መቶ ሺህ ጠርሙስ በተኛበት ዋሻ
አንድ ቡሽ መክፈቻ የለም።
የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኸው ነው።

አሳንሰር ጠጋኙ ደረሰላቸው፣ በረጅም ብሎንና በጉጠት።
ቡሹ ግማሹ ወጣ፣ ግማሹ ወደ ውስጥ ገባ፤
በሻይ ኩባያ ቀዱት፤ ቀለሙ ጡብ፣ ሽታው የደረቀ አበባ።
«እንዴት ነው?» አለችው።
ዋጋውን እንጂ ጣዕሙን ማን ጠይቆት ያውቃል?
«እርጥብ ድንጋይ» አለ። ቆይቶ፦ «የተሰረቀ ፕለም»።
እሷ ምንም አላለች።
አሥራ አምስት ደቂቃ ደግ ነበረ፤ ከዚያ ኮመጠጠ።
አርባ ዓመት ተጠብቆ፣ አሥራ አምስት ደቂቃ።

እርሳሱን ከጆሮው አወረደ። አሥራ አንድ ቀርቷል፤ አንድ ተጠጣ።
«ተሸጠ» አለ በመዝገቡ፣ «ተሰበረ» አለ፤ «ተጠጣ» የሚል ዓምድ ታጣ።
በኅዳጉ ጻፈው።

ማታ የገበያው ዜና፣ ቬርዴሎን ባለበት ነው አለ።
አንድ መጉደሉን የሚያውቁት ሦስት ናቸው፦
አንዷ አውሮፕላን ላይ፣
አንዱ መቶውን ደረጃ እየቆጠረ በመውጣት ላይ፣
ሦስተኛው አሳንሰር ጠጋኙ፣
ኩባያውን ሳያጥብ ሻይ የቀዳበት።