የሰባት ቁጥሩ ካርታ

ሰባት ቁጥር ያደረው ልጅ፣ ጀርባው ላይ ቤቱን ያዘለ፣
ካንድ ሌሊት ሂሳብ ሊያስቀንስ ግማሽ ሰዓት የታገለ፣
በማለዳ ቦርሳውን ነጥቆ፣ ጅቡቲ ብሎ ከነፈ፤
ካልጋው ስር፣ ካንድ እግር ካልሲ ጋር፣ ካርታ ረስቶ አለፈ።

ካልሲውን አጥቤ ሰቀልኩት።
ካርታውን ግን፣ እግዜር ይየኝ፣ ከመዝገቡ ስር ደበቅኩት።

አዳማ ሌሊቱ ረጅም ነው።
ከወደብ የመጣ ተሳቢ ፍሬኑን እያስነጠሰ ያልፋል፣
ነፋሱ ከሜዳው ተነስቶ አቧራ በበር ስር ይነፋል፣
የፔንሲዮኑ ዘበኛ፣ ጋሽ ቱሉ፣ ዱላውን አቅፎ ያንቀላፋል።
እኔ ያኔ እዘረጋዋለሁ፣ ከቁልፎቹ ጎን፣ ባምፖሉ ስር፦
አውሮፓ እንደተፈታ ሹሩባ፣ ቀይ መስመር፣ ጥቁር መስመር።

አባቴ ፍሬን ያዥ ነበር፣ በድሮው የፈረንሳይ ባቡር።
ጡረታው ትንሽ ናት፤ ፈረንሳይኛውም ከጡረታው አትበልጥም፤
«‹ላ ጋር› ማለት ጣቢያ ነው፣ ሌንሴ፣ ፓሪስም ብትሄጂ አይለወጥም።
ለገሃር ስትዪ ያደግሽ ልጅ፣ ጠፋሁ ብለሽ አትደነግጪም።»

በህልሜም ቢሆን ብር አልበትንም።
ደመወዜን አውቀዋለሁ፤ እቁቡ ከላዩ ይነሳል፤
ሁለት ኪሎ በሶ ይዣለሁ፣ ከበርሊን ፕራግ ያደርሳል።
ውሃ ከቧንቧ በነጻ ነው አሉ፤ ኩባያዬ ታጥባ ተቀምጣለች፤
ባቡር ውስጥ ያደረች ሴት ያልጋ ሂሳብ ታተርፋለች።
ፈጣኑን አልሳፈርም፣ ለፍጥነት ዋጋ ይጨምራል፤
ዘገምተኛው በየመንደሩ ቆሞ የሰው ጓሮ ያስቆጥራል።

ጠርዙ ላይ በእርሳስ ጽፌያለሁ፦
ቪየና። እዚህ ዳቦ ይገዛ።
ቬኒስ። ሳይመሽ ውጪ፣ አልጋው አይቀመስም።
ሊዮን። አባትሽን አስቢ።
ሊዝበን። ሃዲዱ ያልቃል። ባህር። በሶውም እዚህ ሳያልቅ አይቀርም።

አንድ ጣቢያ ካርታው ላይ የለም፤ ኤምባሲ ነው የሚባለው፤
እሱ ጋ ባቡሬ አይቆምም፤ ፊሽካ ነፍቼ ነው የማልፈው።

እቁቡ የደረሰኝ ወር፣ የሁለት ቀን ፈቃድ ለመንኩ፤
የእውነቱን ልሳፈር ብዬ፣ እስከ ድሬዳዋ ቆረጥኩ።
አዲሱ ጣቢያ ከተማ ጠልቶ ሜዳ ላይ ብቻውን ቆሟል፤
ባጃጁ የጠራብኝ ሂሳብ የትኬቱን ጉሮሮ ይዟል።
በእግሬ ሄድኩ። ጎህ ሳይቀድ። በሶ፣ ኩባያ፣ ካርታ።
ነፋሱ ከኋላ እየገፋኝ፣ ሳይከፈለው፣ በደስታ።

ባቡሩ መጣ። በመስኮቱ አዳማ ወደ ኋላ ሸሸ፤
ሸንኮራው አለፈ፣ ጥቁሩ ድንጋይ፤ የመተሃራ ሐይቅ ሃዲዱን ተሻሸ።
ካርታዬን ጉልበቴ ላይ ከፈትኩ።
ጎኔ የተቀመጡት እናት፣ ባዶ ማዳበሪያ የታቀፉት፣
«ይሄ አዋሽ ነው?» አሉኝ፣ ጣታቸውን ራይን ላይ አሳርፈው።
«አዎ» አልኩ። «አዋሽ ነው።
እዚህ ጋ ሲደርስ ግን ስሙ ሌላ ነው።»
ራሳቸውን ነቀነቁ። ሰው እንኳ አገር ሲለውጥ ስም ይለውጣል አሉ።
በሶ በጠበጥኩ። ባንድ ኩባያ ተካፈልን።

ልጁ በታህሳስ ተመለሰ፤ ጸሐይ አፍንጫውን ልጣ፤
«ካርታ ጥዬ ነበር» ብሎ፣ አንድ እግር ካልሲ ይዞ መጣ።
መጀመሪያ ካልሲውን ሰጠሁት። ከዚያ ካርታውን፣ በሀፍረት።
ወደ መብራቱ አስጠግቶ ቁጥር በቁጥር አነበበው፣ በስስት።
ፊደሉ አልገባውም።
ሂሳቡ ገባው።

«ቬኒስን እንዴት ቻልሽው?» አለኝ። «እኔ ሦስት ቀን ጾሜን ነበር።»
«አላደርኩማ» አልኩት። «እኔ ባቡር ውስጥ ነው የማድር።»

ብዙ ቆየ። አጠፈውና መለሰልኝ።
ሰባት ቁጥር ባዶ ነበር።
ቁልፉን ሳቀብለው፣ የሌሊቱን ሂሳብ ስነግረው፣
ዛሬ አልተከራከረም።
እኔው ራሴ ቀነስኩለት።