ኃላፊ ጊዜ

በጎ ፈቃዴንና አንድ ካርቶን ጠመኔ
ተሸክሜ ወጣሁ ፓሚር ድረስ እኔ፤
እንግሊዝኛ ላስተምር፣ የተዋስኩትን ላውስ።
ደሞዜም ይኸው ነው፦ የደረቀ እንጆሪ ከልጆቹ ኪስ።

ባርታንግ ወንዝ ከታች ድንጋይ እያንከባለለ
«ጎ» ሲያልፍ «ዌንት» ነው አልኩ፤ ክፍሉም «ዌንት» አለ።

ከኋላ ወንበር ላይ ጉልቤጊም ብቻዋን
አቀርቅራ ቀርታ ታኝካለች እርሳሷን።
«ማይ ፋዘር ጎ ሞስኮ» ብላ ጽፋ አየሁኝ፣
በቀይ እስክሪብቶ «ዌንት» ብዬ አረምኩኝ።

በነጋታው ደብተሯን ላጲስ በስቶት መጣ፤
ቀዩ ተፍቆ ተፍቆ፣ ብርሃን በቀዳዳው ወጣ።
ከሥሩ፣ በሰያፍ፣ ያው «ጎ» ተመልሷል።
«ምነው?» አልኳት።
«ያለፈ ካልነው እኮ፣» አለች፣ «ነገሩ አልቋል።
አባዬ ግን ማታ ደውሏል፤
እንጆሪው ሲበስል መጥቶ ጣራችንን ይመርጋል።»

ትዝ አለኝ የኔው ቋንቋ፤ በእኔም አማርኛ
«አለፈ» ካልን እኮ ቀብረን ነው የተመለስነው እኛ።

ቀዩን ከደንኩትና
በኅዳጉ ላይ በእርሳስ «ትክክል» ብዬ ጻፍኩላት፤
ሰዋስው ይቆይ።
አስቀድሞ አባቷ ይግባላት።