ለሦስት ቀን የሚጸና

ከፕሮፎርማው ግርጌ፣ ከማኅተሙ በታች፣ በደቃቅ ፊደል፣
«ይህ ዋጋ የሚጸናው ለሦስት ቀን ብቻ ነው» ይላል።
ሰኞ ተጽፎ ረቡዕ ደረሰኝ፤
ለማሰቢያ አንድ ሌሊት ቀረኝ።

እኔ የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር ሒሳብ ያዥ ነኝ፤
ጣና ዳር፣ ከበረዶ ቤቱ ጎን፣ አንድ እግሯ ያጠረ ጠረጴዛ አለችኝ፤
ሃያ ሁለት ዓመት ቆሮሶና አምባዛ ወደ ቁጥር ስመነዝር፣
መርከብ ባይኔ አላየሁም፤ ዘንድሮ ግን ወሬዬ ሁሉ የመርከብ ነገር።

ጀልባችን ከቆመች አራት ወር አለፋት።
ስንሻው ሞተሯን በታትኖ ጆንያ ላይ ዘረጋት፤
«የጎደለው ይኸው» ይለኛል፣ ባዶ መዳፉን ከፍቶ፤
የሌለውን ነው የሚያሳየኝ፣ በጣቱ ክብ ሠርቶ፤
ሎሚ የምታክል፣ የውሃ ፓምፕ ጎማ።

ይህቺ ሎሚ ናት አሉ ዓለምን የዞረች።
ቀይ ባሕር አፍ ላይ ስትደርስ የተኩስ ድምፅ ሰማች፤
መርከቧ ፊቷን መልሳ፣ አፍሪካን በግርጌዋ ዞራ፣
የማላውቀው ወደብ ጣለቻት፣ ከማላውቀው ሰው ዕቃ ጋራ።
ዕቃው ሳይመጣ ዋጋው ሦስት ጊዜ መጣ፤
አንዴ ዶላሩ ዘለለ፤ አንዴ መድን ሰጪው ተቆጣ፤
አንዴ ደግሞ ሁለት ሩቅ አገሮች ተኮራርፈው
ቀረጥ ተጣጣሉ፤ ማታ ሽረው፣ ጠዋት መልሰው፣
በስድስት ሰዓት ደግሞ አራዝመው።
ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው ይላል ሰው፤
የኛ ሣር እምቦጭ ነው፤ እሱን ደግሞ የጎዳው የለም፣ ይኸው።

ጥሩዓለም ቢላዋ ትስላለች፤ የሚዘለዘል የለም።
ቋንጣዋ መተማን ተሻግሮ ገዳሪፍ ከገባ
ከሐጅ ባቢክር ዘንድ ገንዘብ ቀርቶ አያውቅም፤
ያለ ደረሰኝ፣ ያለ ፊርማ፣ በስልክ ቃል ብቻ፣ ዘጠኝ ዓመት።
ጦርነቱ ከገባ ወዲህ ስልኩ ይጠራል፤
ይጠራል።
ስሙን «ተሰብሳቢ» ከሚለው ዓምድ ሥር አስፍሬዋለሁ፤
ኦዲተሩ፣ «የማይሰበሰብ ነው፤ ሰርዘው» አለኝ።
ብዕሬን አነሣሁ፤
አስቀመጥኩት።
ሰውዬው እኮ ሰው ነው።

ባለፈው ሳምንት ሆቴል ጠሩን፣ ሐይቁን የሚያይ አዳራሽ፤
«ዓለም አቀፍ አለመረጋጋትና የመቋቋም አቅም»፣ ከነውሎ አበሉ።
ባለሙያው በግድግዳው ላይ ቀስት አሳየን፤ አንዱ ወጣ፣ አንዱ ወረደ፤
«ገበያችሁን አብዙ» አለ፤ ጥሩዓለም ጻፈች፤ እኔም ጻፍኩ።
ለምሳ የቀረበው ዓሣ ከአርባ ምንጭ በበረዶ የመጣ ነበረ።
በመስኮቱ በኩል ጣና ያየናል፣
እንግዳው ስንቁን ይዞ እንደመጣበት ባለቤት።

ዮናስ ሦስት ቀን በዓሣ ሆድ ሰነበተ፤ ለነቢይ በቃችው።
ነነዌም ሦስት ቀን ጾማ ተማረች።
የኛ ሦስት ቀን ባንክ ወረፋ ላይ አለቀች።

ማምሻውን አቶ ጡሃ ታንኳውን እየቀዘፈ መጣ፤
ዐሥራ አንድ ቆሮሶ። መዘንኩለት።
ታንኳው ውሃ ጠጥቶ ከብዷል።
«ይህ ደግሞ ስንት ይቆያል?» አልኩት።
«ወር ከምናምን» አለ፣ ያለ ማኅተም፣ ያለ ደቃቅ ፊደል፤
«እኔ እንዲያው ውሃ ላይ ባወጣሁት ዕለት ነው
የሚቀጥለውን ደንገል የማጭድ።»
ገንዘቡን ቆጥሮ ቋጠረና፣
«ደንገሉም እየራቀ ነው እንጂ» አለ፣ ወደ እምቦጩ እያየ።

ወደ ቢሮ ተመለስኩ።
ጊዜው ያለፈበትን ፕሮፎርማ አራት አጥፌ
ካጠረው የጠረጴዛ እግር ሥር ወሸቅኩት፤
ከቀድሞዎቹ ከሁለቱ በላይ።
ጠረጴዛዬ ስትቆም አየኋት፣ ሳትነቃነቅ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ።
በላይዋ ወረቀት ዘርግቼ፣
«አዲስ ዋጋ እንዲላክልን በትሕትና እንጠይቃለን» ብዬ ጻፍኩ፤
ስሜን፣ የማኅበሩን ስም፣ ባሕር ዳር ብዬ፤
ቀኑን ባዶ ተውኩት።