በጎን የተሰካ አንደበት

ሴገድ፣ ሦስተኛ ፎቅ፤ ቲሳ ወንዝ በረዶ ሠርቷል፤
አባቴ ኦዶን ከትራም ጥገና በጊዜ ገብቷል።

ከቪየና የመጣው የአክስቴ ልጅ ካሴት
«ስፔክትረም» ይላል፤ አያውቅም የእኛን ቤት።
የእኛው ኢንተርፕራይዝ ጆሮውን አቁሞ
ሲሰማ፣ ሲሰማ፣ ዝም ይላል ደግሞ።

ሳሙና የሚያክል አንድ ጥቁር ሣጥን
በይዶ ጎኑ ሰካ፤ እኛም ትንፋሽ ዋጥን።
ጠርዙ ተሸነተረ፦ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ፤
ካሴቱ ሲያንቋርር
ወይዘሮ ቦርባላ ግድግዳችንን በእርግጫ!

አምስት ደቂቃ። ከዚያ አንድ ትንሽ ሰውዬ
መሰላል ላይ ወጣ፤ ዘለልኩ «ገባው!» ብዬ።

አባቴ፣ መበየጃው እጁ ላይ እንደ በረደ፣
ሣቅ ጀመረውና ከዚያ ሣቁ ሄደ፦
«ስምንት ዓመት ሙሉ ሩስኛ ተማርኩኝ፤
ዳቦ ማለት እንኳ፣ ዛሬ ብትጠይቂኝ፣ የለኝ።
ይኼ ፕላስቲክ ግን፣ ያውም በአንድ ማታ፣
በባላንጣው ቋንቋ ይኸው አፉን ፈታ።»

ልንተኛ ስንል ሣጥኑን ነቀለ።
ስክሪኑ ጠቆረ፤ ደግሞ ብልጭ አለ፤
ማሽኑ በራሱ አፍ ትእዛዝ ይጠብቃል፤
ያን የመሰላል ሰው ድሮስ መች ያውቃል?

እኩለ ሌሊት ላይ፣ ብርድ ልብሱን ገልቦ፣
«ኽሌብ…» አለ አባቴ።
«ኽሌብ ማለት ዳቦ።»