ከገጽ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት በኋላ

ቧንቧ ውሃ መውረጃ፣ ከጫማ ሰፊው ጎን፣
ጋሽ እንድሪስ ያከራያል መንፈሳዊ ልቦለዱን፤
ለሌሊቱ አምስት ብር፣ ለሳምንቱ ሃያ፣
መያዣው የቀበሌ ያረጀ መታወቂያ።
«ኪታቤ ቤቴ ነው፤ ይሄ የናንተ ነው፤
ግን ወላሂ» ይለኛል፣ «ያስለቅሳል ሰው፤»
ዓይኑን በፎጣ አብሶ ጭጋጉን ከሰሰው።

እኔ ፎቶ ኮፒ ቤት የባለጉዳይ ተያቢ ነኝ፤
ማመልከቻ፣ ውል፣ ውክልና ቀኑን ሲያናውዘኝ
ውዬ፣ ማታ መብራት ሲጠፋ ሻማዬን ለኩሼ
አነባለሁ፣ ከአልጋዬ ጥግ ጋቢዬን ለብሼ።

ደግሞም እታዘባለሁ።
በልቦለዱ አገር ኪራይ አይጨምርም፤
አከራይ ሲነጋ በር አይደበድብም፤
የጸለየች ሴት ደብዳቤ ይደርሳታል፣ ፖስተኛው በስብሶ፣ ተንገላቶ፤
የጠፋው ባል ይመለሳል፣ ፂሙን ተላጭቶ፣ ሽንኩርት ገዝቶ።
እኔ የጸለይሁ ለት የመጣልኝ መልስ
የውሃ ቢል ነበረ፣ የሦስት ወር ውዝፍ።
እንዲያም ሆኖ አለቅሳለሁ።
ደራሲው እንደ ታክሲ ረዳት ስሜን ሳያውቅ ይጠራኛል፤
የት እንደሚያደርሰኝ እያወቅሁ እሳፈራለሁ።

ባለፈው ሰኞ አንድ ሰጠኝ፣ ጀርባው በፕላስተር የታሰረ፣
እንደ አውራ ጣት የተሰበረ።
የሰሎሜ ታሪክ ነው፤ ከእህቷ ተጣልታ ዘጠኝ ዓመት።
በኅዳጉ ላይ የማላውቀው ሰው በእርሳስ ቆጥሯል፣
«ይቅር» ባለች ቁጥር አንድ ጭረት፣ አንድ ጭረት፤
ሰባ ጊዜ ሰባት ሊሞላ አስቦ፣
አርባ አንድ ላይ ተወው፣ ወይ ደክሞት፣ ወይ ኪራዩ አልቆበት።

ገጽ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት፦ ሰሎሜ ከእህቷ ደጅ ናት። ዝናብ ነው።
«እጇን አነሣችና በሩን»

ከዚያ ወዲያ የለም።
ከዚያ ወዲያ ክር ነው፣ የደረቀ ሙጫ።

«አንቺ ጸሐፊ አይደለሽ?» አለኝ ጋሽ እንድሪስ፣
«ጻፊልኝ መጨረሻውን! ስድስት ሴት መለሰችው እየረገመችኝ።»
ጸሐፊ! እኔ የምጽፈው የሰው አቤቱታ ነው፤
«ጉዳዩ፦ ይቅርታ ስለመጠየቅ» የሚል ቅጽ የለንም።
ሦስት ሌሊት ሞከርሁ።
ከፈትሁላት፤ ተቃቀፉ፣ መላእክት ዘመሩ፤ ውሸት ሆነብኝ፣ ደለትሁት።
ዘጋሁባት፤ እሱም ውሸት ሆነ።

እኔም እህት አለችኝ፣ አስካለ፣ ኮምቦልቻ፣
ጨርቃ ጨርቅ፣ ፈትል ክፍል፣ የሌሊት ፈረቃ።
ዳውዶ ያለው የእናታችን ቤት ሁለት ክፍል ነበር፣ አንድ ኮክ፤
ለሁለት ሲከፈል ዛፉ ድንበሩ ላይ ቀረ፤
አምስት ዓመት ሙሉ ፍሬውን ወፍ በላው።
የክሱን ማመልከቻ የተየብሁት እኔ ነኝ፣
በነዚሁ ጣቶቼ፣ በሁለት ግልባጭ።

ቅዳሜ መናኸሪያ ወረድሁ።
ሐረጎ ላይ ጭጋጉ መስኮቱን ሸፈነው፣
ሾፌሩ በየመጠምዘዣው ጡሩምባ ይነፋል፤
ቁልቁል ስንወርድ ጆሮዬ ተደፈነ፣
ያነበብሁት ሁሉ፣ ያሰመርሁበት ጥቅስ ሁሉ፣
ውሃ ውስጥ እንዳለ ሰው ድምፅ ራቀብኝ።
ታች ሙቀቱ ተቀበለኝ። ሹራቤን አወለቅሁ።

ሰማያዊ የቆርቆሮ በር ነው።
እጄን አነሣሁና በሩን

ከፈተችው።
ፀጉሯ ላይ የጥጥ ብናኝ፣ ነጭ፤
ለአንድ አፍታ እናታችንን መሰለችኝ።
መላእክት አልዘመሩም። የጎረቤት ሬዲዮ የጤፍ ዋጋ ያወራል።
ፊቴን አየች፣ እጄን አየች፣ እግሬን አየች።
«ጫማሽን አውልቂ» አለች፣
«የደሴን ጭቃ ይዘሽብኝ መጣሽ።»

ያንኑ ተየብሁት፤ ገጽ ሁለት መቶ አሥራ ሦስት።
ጋሽ እንድሪስ አነበበው፣ ገለበጠው፤ ጀርባው ባዶ ነው።
«አልታረቁም እንዴ?»
«ጫማዋን አወለቀች» አልሁት።
ዝም አለ።
ሙጫውን ፈለገ።