ዝናብ የሌለው ነጎድጓድ

የመስከረም ማብቂያ፣ ማክሰኞ ማለዳ፤
ጉም ተኝቷል ገና በርሊንግተን ሜዳ።
ዱዌይን መሰላሉን ደግፎ ይዞልኛል፣
«ሽማግሌው መጣ» ብሎ ይስቅብኛል።
ከሃምሳ ያለፍነው እኔና እሱ ብቻ፤
ሌላው ሁሉ ልጅ ነው፣ ገና ያለ ጋብቻ።
ቀስ ብዬ ስወጣ ጉልበቴ ይንቋቋል፤
ሦስት ሺህ ሰዓት በረራ በአጥንት ይታወቃል።

የድሮዋን አውሮፕላን፣ ነፍሷን ይማርና፣
በመቀመጫዬ ነበር የማውቃት ገና
ክንፏ ሳያጋድል፣ ገና ሳትቆጣ፣
በመሪው ንዝረቷ ወደ ጣቴ ሲመጣ።
ነገረኛ በቅሎ፤ ስይዛት የምትጥል፣
ልጓሙን ሳላላ ወዳጅ የምትመስል።
ዘይቷ ይሸት ነበር፤ ሲበርድ ታነክሳለች፤
ዱዌይን ጎኗን መታ ሲያደርግ ትነሳለች።

ይቺኛዋ ግን ዝም ነች።
ሳልጠይቃት ታውቃለች፤
ከአድማስ ባሻገር ያለውን ቆጥራ ትጨርሳለች፤
ማን ወዳጅ፣ ማን ባዳ፣ በቀለም ትለያለች።
«ምን ይሆን ያ?» ብዬ ገና ሳልጀምር
መልሱ ዓይኔ ላይ ነው፤
አረንጓዴ ፊደል፣ አረንጓዴ ቁጥር።

ማታ ልጆቹ ከበው ይጠይቁኛል፦
«ሽማግሌው፣ እውነቱን ንገረን፤ የቷ ትሻላለች?»
እውነቱን?
በዚያችኛዋ እበር ነበር።
በዚህችኛዋ እወስናለሁ፤
መብረሩን እሷ ትችልበታለች።

አልዋሽም። ክፉ ቀን ቢመጣ የምመርጠው ይቺን ነው፤
ልጅህን አሳፍር ቢሉኝ የማሳፍረው እዚች ላይ ነው።
ፍቅር ግን ሌላ ነው።

የራስ ቁሩን የሠሩት ጭንቅላቴን ለክተው ነው።
ዋጋውን ሰምቼ ለጂሊያን ስነግራት፣
«ቤታችን ቢሸጥም አይገዛው» አለች፤ ሳቅ ገደላት።
እሱን ሳጠልቅ ወለል የለም፣ ግድግዳ የለም፤
ወደ ጉልበቴ ሳይ ጉልበቴን አላይም።
ወንዙን ነው የማየው፣
ዊኑስኪን፣ ወልቆ እንደ ወደቀ መቀነት፣
ድልድዩን፣ የሱፍ ፋብሪካውን፣ የጣሪያውን ብዛት።
ሜፕሉ ቀልቷል ብላኛለች ጂሊያን በጠዋት፤
ለኔ ግን ግራጫ ነው፤ ካሜራው ቀይ አያውቅም።

እንዲህ ስነሳ ነው፣ ዛሬ፣ ከመንደሬ በላይ፣
በገዛ ጉልበቴ ውስጥ ዲልማያን የማይ።
ከኛ ሦስተኛው ቤት ነች። ከኔፓል፣ ከመጠለያ ጣቢያ
አምና የዛሬ ሦስት ዓመት ነው የመጣች።
የሰናፍጭ ጎመን ጎንበስ ብላ ስትቆርጥ ነበር፤
ቀና አለች፤ ቢላዋው ወደቀ፤
ልጇን ወደ ሆዷ ስባ
በሁለት መዳፏ ጆሮዎቹን ደፈነች።
የራሷ ክፍት ነው።
እጇ ሁለት ብቻ ነው።

ሁለት ሰከንድ አይሞላም። ከዚያ ሐይቁ፣ ከዚያ ደመና።
እኔ ጋ ድምፅ የለም፤
የትንፋሼ ሹክሹክታ ብቻ፣ በጭምብሉ ውስጥ።
ሰማዩን ከኋላዬ ቀድጄ የሄድኩት እኔ፣
ከሁሉ በፊት የማልሰማው እኔ።

በክረምት፣ አጥሩን ተደግፋ፣
አንድ እስር ጎመን ሰጥታኝ እንዲህ ብላኝ ነበር
በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛዋ፦
«እኛ ጋ ሰማይ ሲጮህ ዝናብ ይከተላል።
ያንተ ነጎድጓድ ዝናብ የለውም።»
ሳቅሁ ያኔ።
ጎመኑንም በላን፤ ትንሽ ያቃጥላል።

ሳርፍ ዱዌይን መዝገቡን ዘረጋ፦
«ብልሽት አለ?»
የለም። ቅጹን ላይ ታች አየሁት፤
ለዚህ ነገር የሚሆን ሣጥን አልተሠራበትም።
ፈረምኩ።

ማታ በአጥሩ በኩል ሳልፍ ልጁ፣ ሱባሽ፣
በሽቦው ቀዳዳ አፍንጫውን አስገብቶ ጠየቀኝ፦
«ላይ ስትሆን ታየናለህ?»

«አይ» አልኩት፤ «በጣም ሩቅ ነው፤ ቤቱ እንኳ አይለይም።»

ስለ አውሮፕላን በዕድሜዬ ዋሽቼ አላውቅም።
በድሮዋ ብሆን ኖሮ
እውነት ይሆን ነበር።